ገድልና ግድያ

ስለ አንድ ግዞተኛ ቦክሰኛ በተሠራ ፊልም መነሻነት ለመተማና ለአካባቢው ቆላ ምእመናን የቀረበ ትምህርት

ገድል በግዕዝ ትግልን፥ ግጥሚያን፥ ጸንቶ መዋጋትን የሚያመለክት ቃል ነው። አባቶቻችን የቅዱሳን ሕይወት የተጻፈበትን መጽሐፍ ታሪክ ወይም ዜና ብቻ ብለው ሳይተዉት ገድል ብለው መሰየማቸው፥ የቅዱስ ሰው ኑሮ ከባላጋራ ጋር የሚደረግ ግጥሚያ መሆኑን ለማስረዳት ነው። በአማርኛችን ደግሞ በእነዚሁ ፊደላት ገደለ፥ ግድያ የሚሉት ቃላት ይነገራሉ። ፊደሉ አንድ ሲሆን ምስጢሩ ግን እንደ ሰማይና እንደ ምድር የተራራቀ ነው፤ ግድያ ሌላውን አጥፍቶ ራስን ማቆም ሲሆን፥ ገድል ራስን አሸንፎ ሌላውን ማቆም ነውና። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህን ነው፤ ሰው በሰው እጅ ወድቆ፥ ታስሮና ተርቦ፥ እንደ እንስሳ በሚቈጠርበት ስፍራ ሲገኝ ከሁለቱ ማንኛውን ለመምረጥ ይችላል?

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ በምዕራፍ 9 የክርስቲያንን ኑሮ በሯጭና በቡጢ ተጋጣሚ መስሎ አስተምሯል። የቆሮንቶስ ሰዎች በከተማቸው አጠገብ በሚደረገው ጨዋታ ሯጩንም ተጋጣሚውንም ያዩ ስለ ነበረ፥ መምህሩ ከሚያውቁት ነገር ተነሥቶ ወደማያውቁት ምስጢር ወሰዳቸው። የምሳሌውም ፍሬ ነገር፥ ተጋጣሚ ጡጫውን በከንቱ ወደ ነፋስ እንዳይሰድና አስቀድሞ የገዛ ሥጋውን እንዲገዛ የሚያስረዳ ነው። እኛም የዚህን መምህር ፈለግ ተከትለን፥ የዘመናችን ወጣቶች በእጅ ስልካቸው ሳይቀር ከሚመለከቱት ፊልም ተነሥተን ብንናገር ነውር የለበትም። ቢላዋ ዳቦ ይቈርሳል፥ ሰውም ይወጋል፤ ፊልምም እንዲሁ እንደ ተመልካቹ ልብ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ከፖላንድ አገር የወጣው «ሻምፒዮን» የተባለው ፊልም በእውነት በነበረ ሰው ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። ሰውየው ታዴዎሽ ፒየትሺኮቭስኪ ይባላል፤ ቴዲ በሚል አጭር ስምም ይታወቃል። በ1909 ዓ.ም. በዋርሶ ከተማ ተወለደ፤ በወጣትነቱም በቦክስ ግጥሚያ ስሙ የተጠራ ሆነ። የናዚ ጦር አገሩን በወረረ ጊዜ ከተማውን ለመከላከል ተዋጋ፤ ኋላም በስደት ካለው የአገሩ ጦር ጋር ለመቀላቀል ወደ ፈረንሳይ ሊሻገር ሲሞክር ተያዘ። ሰኔ 7 ቀን 1932 ዓ.ም. ወደ አውሽቪትዝ ማጎሪያ ከተወሰዱት ከመጀመሪያዎቹ 728 የፖላንድ እስረኞች አንዱ እርሱ ነበረ። በዚያም ስሙ ቀርቶ በቍጥር 77 ተባለ።

በ1933 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፥ ራቡና ድካሙ ሰውነቱን ከጨረሰው በኋላ፥ ከእርሱ እጅግ ከሚከብድና በእስረኞች ላይ አለቃ ከሆነ ዋልተር ዱኒንግ ከተባለ ጀርመናዊ ጋር እንዲጋጠም ተደረገ። ሽልማቱ ዳቦና ጥቂት ማርጋሪን ነበረ። ቴዲም ከባዱን ሰው በብልሃት እየሸሸ፥ በቅልጥፍናም እየመታ ረታው፤ ያገኘውንም ዳቦ ከተራቡት ጓደኞቹ ጋር ተካፈለው። ከዚያ ወዲያ ወደ ሌላ ማጎሪያ እስከ ተዛወረበት እስከ 1935 ዓ.ም. ድረስ፥ ጠባቂዎቹ እየተመለከቱ ብዙ ጊዜ ተጋጠመ። በመጨረሻም ሚያዝያ 7 ቀን 1937 ዓ.ም. በርገን ቤልሰን ከተባለው ማጎሪያ ነጻ ወጣ። ከጦርነቱም በኋላ የሰውነት ማጠንከሪያ መምህር ሆኖ ልጆችን ሲያስተምር ኖሮ በ1983 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለየ።

ማጎሪያውን የሠሩት ሰዎች ይህን ግጥሚያ የፈቀዱት ለእስረኛው አዝነው አልነበረም። በመጽሐፈ መሳፍንት እንደ ተጻፈው፥ ፍልስጥኤማውያን ሶምሶንን ዓይኑን አውጥተው በእስር ቤት ወፍጮ ሲያስፈጩት ከቈዩ በኋላ፥ በበዓላቸው ቀን ያጫውታቸው ዘንድ ከወህኒ አስጠርተውታል። የግፈኞች ልማድ ከጥንት እስከ ዛሬ አንድ ነው፤ የሰውን ጕልበት በሥራ ከጨረሱ በኋላ መከራውን ደግሞ መዝናኛ ያደርጉታል። እስረኛ ከእስረኛ ጋር ሲደባደብ በማየታቸውም፥ እነዚህ ሰዎች ከእንስሳ አይሻሉም የሚለውን ሐሰታቸውን እውነት ያደረጉት ይመስላቸዋል።

ከዚህም የከበደ ሌላ ታሪክ አለ። በ1982 ዓ.ም. የወጣው ሌላው ፊልም የሚናገረው ስለ ሳላሞ አሩክ ነው። ይህ ሰው ቅዱስ ጳውሎስ ሁለት መልእክት የጻፈላት የተሰሎንቄ ከተማ ተወላጅ፥ በዘሩም አይሁዳዊ ነበረ። በ1935 ዓ.ም. ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ አውሽቪትዝ ተወስዶ በቦክስ እንዲጋጠም ተገደደ። በኋላ እንደ ተናገረው በግጥሚያው የተሸነፈው እስረኛ ለሞት ይሰጥ ነበር። በዚህ ጊዜ ጥያቄው ይጠነክራል። ያሸነፈው ሰው የወደቀውን ወንድሙን ገደለን? ወይስ ሁለቱም በአንድ ግፈኛ እጅ የተያዙ ናቸው?

ቤተ ክርስቲያናችን የምትቀበለው ፍትሐ ነገሥት ሰው ወዶና አስቦ ያደረገውን ያለ ፈቃዱ ከሆነው ይለያል። እንግዲህ በደሉ በመጀመሪያ የሚወድቀው ሁለቱን ራብተኞች አቁሞ ተደባደቡ ባለው፥ የወደቀውንም ወደ ሞት በነዳው ላይ ነው። ይህ ማለት ግን የተገደደ ሰው ልብ አይቈስልም ማለት አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ካህን በመጣ ጊዜ የሚያስፈልገው የፈራጅ ቃል ሳይሆን የሐኪም እጅ ነው፤ ቀኖና መድኃኒት ይሆን ዘንድ ተሰጥቷልና። በመከራ ውስጥ ያላለፍን ሰዎች በመከራ ውስጥ ባለፉት ላይ ለመፍረድ አንቸኵል።

እንግዲህ ገድል ከግድያ በምን ይለያል? ከቴዲ ታሪክ ሦስት ምልክቶችን እናገኛለን። ይህን ስንል ሰውየውን በቅዱሳን ቍጥር ልናገባው አይደለም፤ ያ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። ነገር ግን እግዚአብሔር በሰው ልብ የጻፈው ሕግ በጨለማ ስፍራም እንደሚያበራ ለማሳየት ነው።

አንደኛው ምልክት የዳቦው ነገር ነው። ሁለት ሰዎች ለአንድ ዳቦ ቢጋጠሙ በውጭ ለሚያየው ሥራቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ከግጥሚያው በኋላ ዳቦው ወዴት እንደ ሄደ ሲታይ ነው። ለብቻው የሚውጠው ሰው ሆዱን አሸነፈ አይባልም፤ ሆዱ አሸነፈው እንጂ። የሚያካፍለው ግን ባላጋራውን በጡጫ ረትቶ፥ ራቡን ደግሞ በፍቅር ረትቷል። በማጎሪያ ውስጥ አንድ ቍራሽ ዳቦ የአንድ ቀን ዕድሜ ነውና፥ ዳቦውን ያካፈለ ዕድሜውን አካፈለ።

ሁለተኛው ምልክት ባላጋራን ለይቶ ማወቅ ነው። ሐዋርያው በኤፌሶን መልእክቱ በምዕራፍ 6 ትግላችን ከሥጋና ከደም ጋር እንዳልሆነ አስተምሮናል። የእስረኛው እውነተኛ ባላጋራ ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው አይደለም፤ አንተ ሰው አይደለህም፥ ቍጥር ነህ፥ ስለዚህ እንደ አውሬ ሁን እያለ በጆሮው የሚያንሾካሹከው መንፈስ ነው። ለዚህ መንፈስ እሺ ያለ እስረኛ ከማጎሪያው ቢወጣም ተሸንፏል፤ እምቢ ያለው ግን በዚያው ቢሞትም አሸንፏል።

ሦስተኛው ምልክት ከነጻነት በኋላ የሚታየው ፍሬ ነው። ጡጫ ሕይወቱን ያተረፈለት ይህ ሰው፥ ነጻ በወጣ ጊዜ የልጆችን ሰውነት ማጠንከርን ሥራው አደረገ። በግፍ ቤት የኖረ ሁሉ ግፍን ተምሮ አይወጣም። ተበድያለሁና ልበድል የሚል ሰው የበዳዩ ደቀ መዝሙር ሆኗል፤ የተበደለውን በደል በራሱ ላይ አቁሞ ወደ ሌላ እንዳያልፍ የሚያደርግ ግን ተጋድሎውን ፈጽሟል።

በዚህ ላይ ለተመልካቾች የምንነግረው አንድ ነገር አለ። እነዚያን ግጥሚያዎች የማጎሪያው ጠባቂዎችም ተቀምጠው አይተዋል፤ አጨብጭበዋልም። ፊልሙን የሚያይ ሰውም ተቀምጦ ያያል። ሁለቱን የሚለያቸው የሚያዩት ነገር አይደለም፤ ካዩ በኋላ የሚያደርጉት ነው። በሩቅ አገር ስለ ታሰረው አልቅሶ በጎረቤቱ ስለ ታሰረው የማይጠይቅ ሰው፥ ራሱን ከጠባቂዎቹ ወንበር አላነሣም።

ምናልባት፥ ማጎሪያ የፈረንጆች ነገር ነው፥ እኛን ምን ያገባናል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ይህ ግን የገዛ ታሪክን አለማወቅ ነው። የፋሽስት ኢጣልያ መንግሥት በሶማሊያ፥ ከሞቃዲሾ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር በሚገኘው በዳናኔ ማጎሪያ ኢትዮጵያውያንን አጉሮ ነበር። በተለይም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ መኳንንቱም ተራው ሕዝብም፥ ወንዱም ሴቱም ወደዚያ ተጋዘ። በዚያ ታስረው የነበሩት ሚካኤል ተሰማ በሰጡት የምስክርነት ቃል፥ በዳናኔ ከታሰሩት 6,500 ሰዎች 3,175ቱ እንደ ሞቱ ተናግረዋል። የገደላቸውም የምግብ ማነስ፥ የውኃው መበላሸት፥ ወባና የሆድ በሽታ ነበረ። በቀይ ባሕርም በዳህላክ ደሴቶች መካከል ያለችው ኖኩራ ለኢትዮጵያውያን እስረኞች በሙቀቷ የምታቃጥል ወህኒ ነበረች። በዚያው በ1929 ዓ.ም. በግንቦት ወር በደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኰሳት በጥይት ተረሽነዋል። ስለዚህ አውሽቪትዝ ሲነሣ የምንሰማው የእንግዳ ሰው ለቅሶ አይደለም፤ የእኛም ቤት ያለቀሰው ለቅሶ ነው።

ይልቁንም የመተማ ቆላ ስለ ግዞት ከማንም ሊማር አይገባውም ነበር። ይህች የድንበር ከተማ በ19ኛው መቶ ዓመት ቡናና ጥጥ፥ ሰምና ከብት የሚሸጥባት ትልቅ ገበያ ስትሆን፥ ከሸቀጡ ጋር የሰው ልጅም ይሸጥባት ነበር። በ1880 ዓ.ም. በጥር ወር የደርቡሽ ጦር የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሠራዊት በደምቢያ ሳር ውኃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ፤ ብዙ ሴቶችንና ሕፃናትንም ማርኮ ወደ ሱዳን ነዳ። በዓመቱ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ተዋግተው በጥይት ቈስለው ዐረፉ፤ ከተማይቱም እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ እየተባለች በስማቸው ትጠራለች። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ከገላባት ወዲህና ወዲያ የእንግሊዝና የኢጣልያ ጦር ተታኵሶባታል። ይህ ምድር የምርኮኛን ዱካና የንጉሥን ደም አንድ ላይ ያየ ምድር ነው።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበረ፤ ግን አላበቃም። በቅርብ ዓመታት በዚሁ በር ብዙ ወጣቶች ወደ ሱዳን፥ ከዚያም ወደ ሊቢያ ይሻገራሉ። በመንገድ ላይ በሰው ነጋዴዎች እጅ ወድቀው በባኒ ዋሊድና በሌሎችም ስፍራዎች በመጋዘን ይታጐራሉ፤ እየተደበደቡም ድምፃቸው በስልክ ለእናቶቻቸው ይሰማል፤ ገንዘብም ይጠየቅባቸዋል። በ2007 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በሊቢያ ስለ ክርስትናቸው የተሠዉት ኢትዮጵያውያን ልጆቻችን ያለፉበት የስደት ዓለም ይህ ነው። እነርሱ የሥጋ ነጻነት ሳይኖራቸው የነፍስ ነጻነታቸውን ጠብቀው አልፈዋል፤ ይህ ያለ ጡጫ የተፈጸመ ገድል ነው።

ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን በውጭ አገር የሚደረገው አይደለም። በገዛ ቆላችን፥ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድና በየእርሻው፥ ሰሊጥ ሊያጭድ የወረደውን የቀን ሠራተኛ፥ ነጋዴውን፥ ሾፌሩን፥ አንዳንድ ጊዜም ሕፃኑን ይዞ በጫካ ውስጥ አስሮ የማስለቀቂያ ገንዘብ መጠየቅ ተለምዷል። ስሙ እገታ ይባላል፤ ሥራው ግን የጥንቱ የባሪያ ገበያ ነው። ያገተውም የታገተውም አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፤ ምናልባትም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቀዋል። ናዚ እስረኛውን ቍጥር አደረገው፤ የእኛው አጋች ደግሞ ወንድሙን የብር ቍጥር አደረገው። ልዩነቱ ምንድር ነው?

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜም ብዙ የሱዳን ሰዎች በዚሁ በመተማ በር ሸሽተው ገቡ፤ በኩመርና በአውላላም የስደተኛ መጠለያ ተሠራላቸው። የጎንደር ምርኮኞች ወደ ምዕራብ በተነዱበት መንገድ የሱዳን እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ምሥራቅ መጡ። እግዚአብሔር የቂም መበቀያ ጊዜ የሰጠን የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል፤ የሰጠን የመጋደያ ጊዜ ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ስደተኞች ብዙዎች በመጠለያቸው አጠገብ ተዘርፈዋል፥ ታግተዋል፤ በ2016 ዓ.ም. አያሌዎቹ ፍርሃት አስጨንቋቸው ከአውላላ ወጥተው በመንገድ ዳር ሰፍረው ነበር። ይህም በእንግዳ ተቀባይነቱ ለሚመካ ሕዝብ ትልቅ ኀፍረት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ለሁሉም እንደየድርሻው እንናገር።

በሰው እጅ ለወደቀው ወንድማችን፦ ሰውነትህ ቢታሰር ስምህን አትርሳ፤ ጸሎትህን አታቋርጥ፤ ከአንተ ጋር ለታሰረው ወንድምህ ያለህን አካፍለው፤ ከአሳሪህ ጋር ሆነህም ሌላውን እስረኛ አትምታ። አባ ሳሙኤል ዘቀልሞን በበርበሮች እጅ ተማርኮ በባርነት ግመል እየጠበቀ ሳለ ለፀሐይ እንዲሰግድ ቢገደድም እምቢ አለ፤ ሰንሰለቱ እግሩን እንጂ ልቡን አልያዘውም።

ላጋቹ፦ አንተ ደግሞ የክርስቶስ ደም የፈሰሰለትን ሰው በገበያ እያወጣኸው መሆንህን ዕወቅ። ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ ሊመልስ እንደ ተነሣ፥ የንስሓህ መጀመሪያ የያዝኸውን ሰው መልቀቅ፥ ሁለተኛውም የወሰድኸውን መመለስ ነው። ያለዚህ የሚደረግ ስግደት ነፋስን መምታት ነው። እኛ ካህናትም ከእገታ የተገኘውን ብር መባ ነው ብለን ልንቀበል አይገባንም። ጌታን ያስያዙት የካህናት አለቆች እንኳ ይሁዳ የመለሰውን 30 ብር የደም ዋጋ ስለ ሆነ ወደ መቅደሱ ግምጃ ቤት ለማግባት አፍረዋል፤ እነርሱ ያፈሩበትን እኛ ብንደፍር ፍርዳችን ከእነርሱ ይብሳል።

ነጻ ላለው ምእመን፦ ነቢዩ ኤርምያስ በጭቃ ጕድጓድ በተጣለ ጊዜ ያወጣው ማን እንደ ሆነ አስታውስ። አቤሜሌክ የተባለ ኢትዮጵያዊ ነበረ። ንጉሡን ደፍሮ ተናገረ፤ ሰዎችንም ይዞ ሄደ፤ ገመዱም የነቢዩን ብብት እንዳይቈርጠው አሮጌ ጨርቅ አስቀድሞ ጣለለት። ርኅራኄው እስከዚህ ድረስ ነበረ። ዛሬም የታገተው ሰው ቤተ ሰብ በሬውን ሸጦ፥ መሬቱን አከራይቶ ብቻውን ሲጨነቅ፥ ዕድሩ ለቀብር ብቻ፥ ጽዋ ማኅበሩ ለጠላና ለዳቦ ብቻ ሊሆን አይገባውም። ሰው ከሞተ በኋላ ለማልቀስ የምናዋጣውን፥ ሳይሞት ለማዳን እናዋጣ። ከእገታ የተመለሰውንም ምን ያህል ተከፈለብህ ብለን በጥያቄ አናቍስለው፤ እግሩን አጥበን፥ አብልተን፥ ወደ ንስሓ አባቱና ወደ ሐኪም እናድርሰው። ልጁ ወደ በረሃ ለመሻገር ያሰበ ወላጅም ሳይሸሽግ ይምከረው፤ ደላላው የሚነግረው የመድረሻውን ስም እንጂ የመጋዘኑን አይደለምና። ሐዋርያው ስለ እስረኞች ሲያስተምር ከእነርሱ ጋር እንደ ታሰርን ሆነን እንድናስባቸው አዝዞናል፤ ጌታችንም በፍርድ ቀን ከሚጠይቀን አንዱ እስረኛን መጠየቃችንን ነው።

ቴዲ ከወጣበት ማጎሪያ ወዲህ ዘመኑ ረዝሟል፤ ዳናኔም ከተዘጋ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በሰው ልብ ውስጥ የሚሠራው ማጎሪያ ግን ዛሬም በጫካችን ተተክሏል። ወንድሙን አስሮ ከሚበላ ጋር በግድያ ከመተባበር፥ ዳቦውን ከእስረኛ ጋር ከሚቈርስ ጋር በገድል መተባበር ይሻለናል። ሁለቱንም መያዝ አይቻልም፤ ምርጫውም ለነገ የሚተው አይደለም፤ ዛሬ በጓንግ ወንዝ ማዶም ሆነ ወዲህ ታስሮ የሚጠብቀን ሰው አለና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።